በሬውን ማን አረደው ብዬ ጠየቅሁ

መጀመሪያ የታየው እብጠት ነው። በልጄ በሜሮን ግራ እግር ላይ፣ ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ፣ ከፊት ለፊት በኩል። ባቄላ ታክላለች። ቆዳው አልቀላም፣ አያተኩስም። ጫን አድርጌ «ያማል?» አልኳት። «ምንም አያመኝም እማ» አለችኝ። ካላመማት ብዬ ተውኩት።

ልጃችሁ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይታችሁ ይህን የምታነቡ እናቶች፣ የእኔ ጥፋት የጀመረው እዚህ ላይ ነው። እኛ ባደግንበት ቤት የሚያም እባጭ ነው የሚፈራው፤ የማያም በራሱ ይጠፋል ይባል ነበር። እኛን የበላን ግን የማያመው ነው።

አስካለ እባላለሁ። የምንኖረው ኡጋንዳ፣ ካምፓላ ከተማ፣ ኪሱጉ የሚባል ሰፈር ነው፤ ካባላጋላ በሚገኝ የሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ነኝ። አባቷ ከሞተ ቆይቷል፣ ሁለታችን ብቻ ነን። ያኔ ሜሮን አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አማርኛ አነባለሁ፤ እንግሊዝኛዬ ሽንኩርትና ዘይት ከመግዛት አያልፍም፣ የአገሩ ቋንቋ ሉጋንዳዬም ያው ነው። ስለዚህ ሐኪም ቤት ስንሄድ በሽተኛዋም አስተርጓሚዋም ሜሮን ነበረች።

በሦስት ሳምንት ውስጥ እብጠቱ ተነጥፎ ሰፋ፣ ከዚያ ተከፈተ። ሰፈር ያለ ክሊኒክ ወሰድኳት። «ነፍሳት ነክሷት ነው» ብለው መርፌ ወጉልን። አሥር ቀን ቆየን። ቁስሉ የስኒ ማስቀመጫ አከለ። አሁንም አያማትም። ቁስል ዝም ብሎ ሲሰፋ ማየት ይከብዳል። እኔ አለቅሳለሁ፣ ባለ ቁስሏ ስልኳን ትነካካለች።

ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሄድን። ዶክተር ናሉባ የምትባል ቀጭን ሴት ተቀበለችን። ጫፉ ደነዝ የሆነ ቀጭን ብረት ይዛ የቁስሉን ጠርዝ ገለጥ አደረገች። ብረቱ ከቆዳው ሥር ገባ። ገባ፣ ገባ። ከላይ ጤነኛ የሚመስለው ቆዳ ከሥሩ እንደ ኪስ ባዶ ነው።

«ቡሩሊ አልሰር ይመስለኛል» አለች። ናሙና ወስዳ ፒ.ሲ.አር. ለሚባል ምርመራ ላከች፤ እንዳለችውም ሆነ። ተህዋሲያኑ የሳንባ ነቀርሳና የሥጋ ደዌ ተህዋሲያን ዘመድ ነው፣ ረግረግና ዝግ ያለ ውሃ አካባቢ ይገኛል፣ እንዴት ወደ ሰው እንደሚገባ ግን በደንብ አልታወቀም አለች። እነሜሮንን ትምህርት ቤታቸው ወንዝ ዳር ወስዷቸው ነበር። ከዚያ ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም።

እኔ «ሥጋ ደዌ» ከሚለው በኋላ ያለውን አልሰማሁም። «ከሰው ወደ ሰው አይጋባም» ስትል ሜሮን ሁለት ጊዜ ተርጉማልኛለች። አላመንኩም። ቤት ስንደርስ የሜሮንን ኩባያና ማንኪያ ለብቻ አስቀመጥኩ። አየችኝ። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል።

ሪፋምፒሲን እና ክላሪትሮማይሲን የሚባሉ ክኒኖች ለስምንት ሳምንት ታዘዙላት። በሳምንቱ መጸዳጃ ቤት ስገባ ሽንቷ ብርቱካን መስሎ አየሁ። ደም ነው ብዬ ጮህኩ። «መድኃኒቱ ነው እማ፣ ነግረውናል» አለች። ለእኔ ግን አልነገረችኝም፤ ስታስተረጉም ያፈረችበትን ትዘለዋለች። ክኒኑን ነጥቄ ለሁለት ቀን አስቆምኳት። ዶክተር ናሉባ ስትሰማ እንደዚያ ቀን ተቆጥታ አላየኋትም።

ስምንቱ ሳምንት አለቀ። ተህዋሲያኑ ሞተ ተባለ። ቁስሉ ግን አለ። ከጭኗ ስስ ቆዳ ወስደው ለጠፉበት። ዳር ዳሩ ያዘ። መሀሉ አልያዘም። መሀሉ ላይ ጅማቱ ወጣ። ነጭ። ጣቷን ስታነሳ ይንቀሳቀሳል። የልጄን ጅማት በዓይኔ አየሁት።

ዶክተሯ አስቀምጣ አናገረችን። ጅማት ላይ ስስ ቆዳ አይይዝም፤ ከሥሩ የሚመግበው ነገር ይፈልጋል። ካልተሸፈነ ይደርቃል፤ ከደረቀ እግሯ ወደ ላይ አይነሳም፤ ባሰ ብሎ ወደ አጥንቱ ከገባ እግሩ ራሱ ሊሄድ ይችላል። መንገዱ ሁለት ነው አለች። አንደኛው ከሌላ ቦታ ሥጋ ከነደም ሥሩ ቆርጦ ማምጣት፣ ይህም ትልቅ ኦፕሬሽን ነው፣ ተራውም ሩቅ ነው። ሁለተኛው ገና በጥናት ላይ ያለ ነገር ነው። «ሁለተኛውን እምቢ ብትሉ ሕክምናዋ አይቋረጥም፤ ለመጀመሪያው ተራ ትይዛላችሁ» አለች።

ጥናት የሚለውን ስሰማ ነቃሁ። ካምፓላ ውስጥ ስለ ኩላሊት ሌባ የማይወራበት ታክሲ የለም። ሐበሻ፣ ባል የሌላት፣ ቋንቋ የማታውቅ ሴት፤ ከዚህ የተመቸ ማን አለ? «ምኑን ነው የሚያጠኑት?» አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባዮኢንክ ይሉታል፣ ቀለም ማለታቸው ነው። የከብት ቆዳ ወስደው ያጥቡታል። በውስጡ ያሉት የከብቱ ህዋሳት በሙሉ ታጥበው ይወጡና ድሩ ብቻ፣ ቆዳን ቆዳ ያደረገው ማገር ብቻ ይቀራል። እሱን አድርቀው፣ ፈጭተው፣ አሟሙተው እንደ ቀጭን ሙጫ ያደርጉታል። ከዚያ የቁስሉን ቅርጽ በኮምፒውተር ይለካሉ፣ ማሽኑም ኬክ ላይ በክሬም እንደሚጻፈው በመርፌ አፍ መስመር በመስመር እየጣለ ልክ ቁስሉን የሚያክል ጨርቅ የመሰለ ነገር ያትማል። ያ ጅማቱ ላይ ይቀመጣል። የልጅቷ የራሷ ህዋሳትና የደም ሥሮች ወደ ማገሩ ይገባሉ፤ ከሳምንታት በኋላ በላዩ ላይ ስስ ቆዳ ይለጠፋል።

«የአሳማ ነው?» አልኩ። «አይደለም፣ የበሬ ነው።» ተመስገን አልኩ በልቤ። ወዲያው ግን ሌላው መጣብኝ። እኔ ለምግብ ቤቱ ሥጋ የምገዛው ራሴ ነኝ። እዚህ አገር ቄራ አብዛኛው ከብት በእስላም ነው የሚታረደው፤ እኛ የራሳችን አራጅ አለን፣ በዓል ሲሆን ደግሞ ተጠራርተን ቅርጫ እንገባለን። ማን እንደባረከው ሳላውቅ ድስት ውስጥ ሥጋ ከትቼ አላውቅም። እንግዲህ ድስት ውስጥ የማልከተውን ልጄ እግር ውስጥ ልክተት?

«በሬውን ማን እንዳረደው ጠይቂልኝ» አልኳት ሜሮንን። «ተባርኮ ነው የታረደው? የት ነው የታረደው? ጤነኛ ነበር ወይ?»

ሜሮን አንድ አጭር ነገር ተናገረች። ዶክተሯ ፈገግ ብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

እኔ ያልኩት ረጅም ነው፤ የሷ አጭር። ኮሪደር ላይ ያዝኳት።

«ምን አልሻት?»

«ምንም።»

«ሜሮን!»

«እናቴ በጣም ታመሰግናለች አልኳት። እማ፣ ታሳፍሪኛለሽ! ዶክተር እንዴት በሬ ማን አረደ ይባላል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጄንም ትርጉም ማመን አቆምኩ። ቀደም ሲል የተነገረኝ ሁሉ ተገለበጠብኝ። ስንቱን ዘላዋለች? ስንቱን አሳምራዋለች?

ኪኩቦ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ ዘይነባ የምትባል ወዳጅ አለችኝ፤ የወሎ ልጅ ነች። ወደዚህ የመጣነው አንድ ሰሞን ነው፤ እሷ ግን ሉጋንዳውንም እንግሊዝኛውንም ታቀላጥፈዋለች። ሱቋ ሄጄ የሆነውን ነገርኳት። ጥቅልል ጨርቁ ላይ ተደግፋ ሳቀች።

«ወላሂ አስካለ፣ አሁን እኔን ይዘሽ ሄደሽ እስላም አርዶት እንደሆነ ልታስጠይቂኝ ነው?»

«ሌላ ማን አለኝ?»

«እሺ፣ የኛ ሰው አርዶት ቢሆንስ? ጁምዓ ሲደርስ ግራ እግሯ ብቻውን መስጊድ ይሄዳል?»

«ቀልዱን ተይው፣ ልጄ ናት።»

ሳቋን ዋጠችና ሱቁን ዘጋች። «ነይ» አለችኝ። «ጥያቄሽን እንዳለ ነው የምጠይቅልሽ። አንድ ቃል አልቀንስም።»

ዶክተር ናሉባ ዘይነባን ሰማቻት። አልሳቀችም። «ይህን እኔ አላውቅም» አለች። «ቀለሙን የሚሠራው ላቦራቶሪው ነው። እዚያው ሄደን እንጠይቅ።»

ላቦራቶሪው ቡጎሎቢ አካባቢ ነው፤ ቦዳ በሚሉት ሞተር ሳይክል ላይ ሁለታችን ተፈናጥጠን፣ ዶክተሯ በመኪናዋ፣ ደረስን። አቶ ኦኬሎ የሚባሉ ሽበታም ሰው ነጭ ልብስ አልብሰው አስገቡን። ብልቃጥ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር አሳዩን፤ በደንብ የታጠበ ጨጓራ ይመስላል፣ ነጭ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ። ዘይነባ አፍንጫዋን ያዘች። እኔ ጠጋ አልኩ።

«በስንት ውሃ ነው የሚታጠበው?» አልኩ። ለእኔ ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። ዶሮ በስንት ውሃ እንደታጠበ ካልነገረችኝ ሴት ቤት ወጥ አልበላም።

ሰውዬው ደስ አላቸው። ልዩ ሳሙና እንዳለው፣ አምስት ቀን ሙሉ ውሃው እየተቀየረ እንደሚታጠብ፣ በመጨረሻም የከብቱ ህዋስ ርዝራዥ መቅረት አለመቅረቱ በማሽን እንደሚለካ ነገሩን። «ርዝራዥ ከቀረ የልጅቷ ሰውነት እንግዳ መጣብኝ ብሎ ይዋጋዋል» አሉ። እኔም በልቤ፣ እኚህ ሰው ማጠብ ያውቃሉ አልኩ።

ከዚያ ዘይነባ የበሬውን ጥያቄ ጠየቀች። አንድም ቃል አልቀነሰችም፤ መባረኩንም ጭምር። አቶ ኦኬሎ መዝገብ አወጡ። ለእያንዳንዱ ዙር ቀለም አንድ መስመር አለው፤ ከየትኛው ቄራ፣ በየትኛው ቀን፣ ስንት ዓመት ከብት፣ የእንስሳት ሐኪሙ ጤነኛ ነው ብሎ መፈረሙ። ጣታቸውን እያስኬዱ ወረዱ። የሜሮን ተብሎ በተዘጋጀው ቱቦ ላይ ያለውን ቁጥር አዩ። መዝገቡን አዩ። ቱቦውን ደግመው አዩ።

መስመሩ ባዶ ነበር።

ቁጥሩ ተጽፏል። የታጠበበት ቀን ተጽፏል። ቆዳው የመጣበት ቦታ ባዶ። የሐኪሙ ፊርማ ባዶ።

አቶ ኦኬሎ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ዶክተር ናሉባ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር አለች፤ ድምፅዋ ቀጭን ሆኗል። ዘይነባ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። «‹ይህ ጥያቄ የእኛ ነበር› ነው የምትለው» አለችኝ።

ያንን ቀለም አስወገዱት። አዲስ እስኪዘጋጅና እስኪመረመር ሦስት ሳምንት ፈጀ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጎበዝ እናት መስዬ እታይ ነበር። አያልቅም። በነዚያ ሦስት ሳምንታት ጅማቱ ደረቀ። በየሁለት ቀኑ እርጥብ ሻሽ እየቀየሩላት እያየሁት ነጩ ቢጫ ሆነ፤ ጫፉ እንደ ደረቅ ቋንጣ ጠቆረ። ሜሮን አውራ ጣቷን አንሺ ስትባል ታነሳ ነበር። አንድ ቀን አልተነሳም። እኔን አየችኝ።

ዶክተሯን በዘይነባ በኩል ጠየቅኋት። ያ የመጀመሪያው ቀለም መጥፎ ነበር ወይስ ደህና? ዝም ብዬ ፈርሜ ቢሆን ኖሮ ጅማቷ ይተርፍ ነበር?

«አላውቅም» አለች ዶክተር ናሉባ። «ምናልባት መጻፉ ብቻ ተረስቶ ነበር። ምናልባት ቆዳው የታመመ ከብት ነበር። አሁን ማወቂያ የለንም። ማማ ሜሮን፣ ልዋሽዎት አልችልም።»

በዚያ ሁሉ ወራት «አላውቅም» እያለች የማታውቀውን የነገረችኝ እሷ ብቻ ነበረች። ያመንኳት ያን ቀን ነው።

አዲሱ ቀለም መስመሩ ሙሉ ነበር። አቶ ኦኬሎ ራሳቸው ቄራው ድረስ ሄደው አረጋግጠዋል። የአራጁንም ስም ጽፈውልኛል፤ አልጠየቅኋቸውም ነበር። ስሙን ዘይነባ አነበበችልኝና በዓይኗ ሳቀች። የሷ ሰው ነው።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አባ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሙኝ።

«ልጅቷ ልትበላው ነው?» አሉ።

«አይ አባ፣ እግሯ ላይ ነው።»

«ጫማሽ የምን ቆዳ ነው?»

«እኔ እንጃ።»

«ማን እንዳረደው ጠይቀሽ ነው የገዛሽው?»

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አየሁ።

«የጤናውን ነገር መጠየቅሽ ደግ አደረግሽ። ሌላውን ለእኔ ተይልኝ፤ ሂጂና ልጅሽን አሳክሚ» አሉኝ።

ወረቀቱን ከመፈረሜ በፊት ሜሮን እያንዳንዱን መስመር በአማርኛ ነገረችኝ። ዘይነባ ከጎን ሆና ትከተላለች። አንድ ቦታ ላይ ሜሮን ፈጠን ስትል ዘይነባ «እህ!» አለች። ሜሮን ተመለሰች። የዘለለችው «ላይሠራ ይችላል» የሚለውን ነበር። «እንዳትፈሪ ብዬ ነው እማ» አለች። እኔም ኩባያዋን ለብቻ ያስቀመጥኩት ስለፈራሁ ነበር። ያን ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኳት፤ ይቅርታ አልኳት። ሁለታችንም ፈረምን፤ ልጆችም ይፈርማሉ፣ ሕጉ ነው አሉ።

የደረቀውን ጅማት ቆርጠው ጣሉ። የታተመውን አስቀመጡ። አምስት ቀን አላየሁትም። በአምስተኛው ቀን ተፈታ። አልሸተተም። አልጠቆረም።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀስ ያለ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ነጭ የነበረው ነገር ሮዝ ነጠብጣብ አወጣ፤ ዶክተሯ በጓንቷ እያሳየችኝ እነዚህ የሜሮን የራሷ ደም ሥሮች ናቸው፣ በማገሩ ውስጥ እየገቡ ነው አለችኝ፣ እኔም ሻሹ በተቀየረ ቁጥር ነጠብጣቦቹን እየቆጠርኩ ሮዙ እየሰፋ፣ እየተጋጠመ፣ በአራተኛው ሳምንት የበሰለ ዘይቱና ውስጥ መስሎ ሲሞላ አየሁ። ከዚያ ከጭኗ ሌላ ስስ ቆዳ ተወሰደ፤ ይሄኛው ያዘ። ፊዚዮቴራፒ ቤት ጎማ እየሳበች፣ ደረጃ እየወጣች፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም ወራት አሳለፈች፣ እኔም ከምግብ ቤቱ ስወጣ የተቀቀለ ማቶኬ፣ የአገሩን አረንጓዴ ሙዝ፣ በሳህን ይዤላት እሄድ ነበር፣ ለምን እንደሆነ እንጃ ያን ሰሞን ከእንጀራ ይልቅ እሱ ነበር የሚያምራት።

ዛሬ ትሄዳለች። አውራ ጣቷ አይነሳም፣ ስትሮጥ ግራ እግሯ ትንሽ ጠፍ ጠፍ ይላል። የተለጠፈው ቦታ ከሌላው ገላዋ ጠቆር ያለ ነው። ጥርጣሬዬ ያዳናት ይሁን የጎዳት አላውቅም። ሁለቱንም ይመስለኛል።

ይህን ሕመም ይዛችሁ ለምታነቡ የምለው አለኝ። የማያም እብጠት ካያችሁ አትጠብቁ፣ እኔ የጠበቅሁት ሦስት ሳምንት ነው ሁሉን ያመጣው። ክኒኑ ሽንት ያቀላል፣ አትደንግጡ፣ አታቋርጡ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፣ የልጃችሁን ኩባያ አትለዩ። ልጅ ለእናቱ አስተርጓሚ አይሁን፤ ልጅ ይራራል፣ ይዘላል፣ ለዚህ ዘይነባን የመሰለ ሰው ፈልጉ። እምቢ ማለት መብታችሁ ነው፤ መጠየቅም። ጥያቄያችሁ የሚያስቅ ቢመስልም ጠይቁ፣ ግን በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። እኔ ኮሪደር ላይ ከልጄ ጋር ተኳርፌ ያሳለፍኳቸው ቀናት ነበሩ፤ ያኔውኑ ብጠይቅ ኖሮ ባዶው መስመር ያኔውኑ ይገኝ ነበር።

ዶክተር ናሉባን እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አቶ ኦኬሎን፣ ውሃውን አምስት ቀን የሚቀይሩትን፣ በሉጋንዳ ዌባሌ፣ አመሰግናለሁ እላለሁ። ዘይነባን ምን እንደምላት አላውቅም፣ ስትሰማው ትስቃለች።

ባለፈው ሳምንት ሜሮን ወጥ ቤት ልታግዘኝ መጣች። ውሃ የሞላ ጀሪካን ስታነሳ አዳልጧት እግሯን መታት።

«ውይ! እማ፣ አመመኝ!»

ጭልፋውን ጥዬ ተንበረከክሁ። «የት ጋ?»

«እዚሁ፣ የተለጠፈው ላይ።»

በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ፣ በመጀመሪያው ቀን እንዳልኩት፣ «ያማል?» አልኳት።

«ያማል አልኩሽ እኮ!»

«ተመስገን» አልኩ። ያበድኩ መስሏት አየችኝ። እኔ ግን ደግሜ ጫን አደረግሁት።